የሙቀት ጎተራዬ መተንፈስ ያቆመ ዕለት

ትምህርት ቤትን የማውቀው በውጭ በኩል ነው። ቦቴ እየነዳሁ በዊንጌት ትምህርት ቤት በር ስንት ዘመን አልፌአለሁ፤ ተማሪው ደብተሩን አቅፎ ሲገባ አያለሁ፣ ክላክስ አደርጋለሁ፣ መንገዴን እቀጥላለሁ። ይህን የምነግራችሁ አፍሬበት አይደለም። ዛሬ ጉለሌ ውስጥ በወለሉ ሥር ሙቅ ውሃ የሚመላለስበት ቤት የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ጣት የሚቀሰረው ወደ እኔ ቤት ነው። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች መጥተው አይተውታል። አንዱማ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ሳሎኔን ከዳር እስከ ዳር ከተመላለሰ በኋላ፣ "ጋሼ ተሰማ፣ ይህን ከየት ተማሩት?" አለኝ። "ከራዲያተር" አልኩት። ሳቀ። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

የማወራችሁ የልጅ ልጄ ክርስትና ስለተነሣችበት ቀን ነው። ነገር ግን ያ የሠራሁት ነገር እንዴት እንደሚሠራ ካልገባችሁ፣ እኔ ያን ቀን ለምን እንደዚያ እንደራድኩ አይገባችሁም። ስለዚህ ጥቂት ታገሡኝ። ተሰማ ማብራራት ከጀመረ አያቆምም ይሉኛል፤ አብራርቼለት ያልገባው ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ቤቴ ከጉለሌ እጽዋት ማዕከል በታች፣ ዳገቱ ላይ ነው። ጥር ላይ ቀን ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሲመሽ ደግሞ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ውስጥ ይገባል። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴን ሪህ ጉልበቷን ይዟት ሌሊቱን ስታቃስት እየሰማሁ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። የቀኑ ሙቀት የት ነው የሚሄደው? ገበሬ በመኸር ያገኘውን ሁሉ በዚያው ዕለት አይበላውም፤ ጎተራ ያስገባል። ለሙቀትስ ለምን ጎተራ አይሠራለትም? ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ስለ ማሞቂያ የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር ገዛሁ። እንግሊዝኛው ያልነገረኝን ሥዕሉ ነገረኝ።

ከወፍራም ላሜራ ትልቅ ታንከር አስበየድኩ። ምድር ቤት፣ ከኩሽናው ጎን አቆምኩትና በበግ ፀጉርና በሰጋቱራ ጠቀለልኩት፤ ሙቀት ከገባ አይወጣም። ከግቢዬ ታችኛው ጫፍ፣ ዳገቱ ዝቅ በሚልበት፣ ጥቁር ቀለም የቀባኋቸውን ቱቦዎች መስተዋት ሥር ደረደርኩ። ፀሐይ ውሃውን ያሞቀዋል፤ የሞቀ ውሃ ቀላል ነውና በራሱ ጊዜ ሽቅብ ወደ ታንከሩ ይወጣል። ማታ ደግሞ ከታንከሩ ሽቅብ ወደ ክፍሎቹ ወለል ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይወርዳል። ፓምፕ የለውም። መብራት ቢመጣ ባይመጣ ግድ የለውም። ዳገቱ ነው ፓምፔ። ሌላው ሰው ዳገቱን ይረግማል፤ እኔ ሥራ ሰጠሁት።

ደመና ሲሆን የኩሽናው ትልቁ ምድጃ አለ። ጀርባው ውሃ የተሞላ ስለሆነ ወጥ ሲሠራበት ጎተራውም አብሮ ይሞቃል። ለገላና ለልብስ የምንጠቀመው ውሃ ግን የታንከሩ ውሃ አይደለም። ታንከሩ ውስጥ የመዳብ ቱቦ እንደ እባብ ጠምዝዤ አስገብቻለሁ፤ ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ የሚመጣው ቀዝቃዛ ውሃ በአንዱ ጫፍ ይገባና፣ ከታንከሩ ሙቀት ወስዶ በሌላው ጫፍ ይወጣል።

አሁን የቀረኝ መተንፈሻው ነው። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል፤ ሲፈላ ደግሞ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። ስለዚህ ከታንከሩ አናት አንድ ቱቦ ግድግዳውን ተከትሎ ከጣሪያው በላይ አፉን ከፍቶ ይወጣል። ከሮቶው ታንከሩን የሚሞላው መስመር ውሃ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አያሳልፍም፤ ሮቶው ፕላስቲክ ነው፣ የፈላ ውሃ ከተመለሰበት ይቀልጣል። መውጫው ያ አንድ ቱቦ ብቻ ነው። ታንከሩ ሲግል በዚያ በኩል ፉፍ... ፉፍ ይላል፣ እንደ ተኛ በሬ። ታንከሩ ላይ ከአሮጌ መኪና የፈታሁት የሙቀት መለኪያ ገጥሜበታለሁ። መጽሐፉ ውሃ በመቶ ይፈላል ይላል፤ በጉለሌ ከፍታ መጽሐፉ አይሠራም። ስለዚህ ራሴ አፍልቼ፣ መተንፈስ የጀመረበት ላይ በልጄ በራሔል የጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አሰመርኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፦ መተንፈሻው ክፍት እስከሆነ ድረስ መርፌው ቀዩን መስመር ሊያልፍ አይችልም።

ራሔል አንድያ ልጄ ናት። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ከባሏ ከዮናስ ጋር እኔው ቤት ይኖራሉ፤ ክፍላቸው ልክ ከታንከሩ በላይ ነው፣ የቤቱ ሞቃት ክፍል እሱ ስለሆነ እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። ምሳ ላይ ስለ ጎተራው ሳወራ እሷ ስልኳን ነው የምታየው። "እሺ አባዬ" ትላለች፤ ማንኪያዋን አታቆምም። ዕውቀቴን የሚወርስልኝ ሰው ፈልጌ የዘመድ ልጆች አምጥቼ አስተማርኩ፤ ሁሉም ቫልቭ መክፈት ሲችሉ ሥራ አገኘን ብለው ሄዱ። ዮናስ ደግሞ ባንክ ነው የሚሠራው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን የሚያምነው በካርቶን ታሽጎ የመጣ ነገር ነው። ሕፃኗ ልትወለድ ስትል መታጠቢያ ቤታቸው የኤሌክትሪክ ቦይለር አስገጠመ። ቧንቧ ሠራተኛው ሮቶውን ከእኔ የመዳብ ቱቦ ጋር የሚያገናኘውን ቫልቭ፣ እዚያው ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለውን፣ ጠርቅሞ ዘጋው። "ለጊዜው ነው ጋሼ" አለኝ ዮናስ። እኔም ለጊዜው አኮረፍኩ።

እንግዲህ ክርስትናው።

ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ሕፃኗ በማለዳ ተጠመቀች፤ ወለተ ማርያም ተባለች፣ ቤት ውስጥ ግን ማሚቱ ነው የምንላት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግቢው ሌላ ሆኗል። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠግተው ተክለዋል፣ ሸራው ጣሪያዬን ይነካል። ምድር ቤት ኩሽናው ውስጥ እትዬ ዘነበች፣ የሰፈሩ የድግስ አዛዥ፣ ከንጋት ጀምራ ምድጃውን እያነደደች ነው። ሰው ገባ፣ ተቀመጠ፣ ድንኳኑ ሞላ። እኔን ከንስሐ አባቴ ከአባ ጎን፣ ከግድግዳው ሥር አስቀመጡኝ።

ቁጭ ማለት አልሆነልኝም። እግሬ ዝም ብሎ መሬቱን ይመታል። አንድ ነገር ጎድሏል፤ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም። እንጀራው አለ፣ ጠላው አለ፣ ዘመድ አለ። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ።

"ምን ሆነሃል ተሰማ?" አሉ አባ። "እንደ ሙሽራ ትቁነጠነጣለህ።"

"አንድ ነገር እየሰማሁ አይደለም፣ አባ።"

"ሰማንያ ሰው እየጮኸ ያልሰማኸው ምንድነው?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ምድጃው ከንጋት ጀምሮ እየነደደ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ የጥር ፀሐይ ነው፣ ስለዚህ የታችኞቹ ቱቦዎችም ሙቀት እየሰጡ ነው። ቀን ስለሆነ የወለሉ መስመር ዝግ ነው። የገላው ውሃ በቦይለር ነው። ሙቀት ይገባል እንጂ የሚወጣበት የለም። በዚህ ሰዓት ከራሴ በላይ ያለው መተንፈሻ እንደ ባቡር ፉፍ ማለት ነበረበት። ጸጥ ብሏል።

"መጣሁ" ብዬ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ሩጫ አይባልም፤ በእኔ ዕድሜ ሲታይ ግን ሩጫ ነው። በሩን ስከፍት ታንከሩ ያሰማው የነበረውን ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ያስታውሰዋል። ጉርምርምታ ነው፤ ሆዱን የያዘው ሰው እንደሚያሰማው። መርፌውን አየሁ። ቀዩን መስመር አልፎ ሄዷል። መስተዋቱን በጣቴ መታ መታ አደረግኩት፣ ምናልባት ተጣብቆ ይሆናል ብዬ። አልተመለሰም፤ ይባስ ብሎ ትንሽ ወደፊት ሄደ።

ቦቴ የነዳ ሰው ይህን ያውቃል። የጋለ ራዲያተር ክዳኑ ሲዘጋ ዝም ይላል፤ ዝም ያለው ግን ደህና ስለሆነ አይደለም። እኔ ያየሁት ራዲያተር የባልዲ ያህል ውሃ ነበረው፣ የረዳቴን ፊት ልጦ ወስዶታል። ይሄኛው ክፍል የሚያህል ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ልጄ ሕፃኗን ይዛ ተቀምጣለች፤ እያጠባች ነው።

ወደ ኩሽናው ዞርኩ። እትዬ ዘነበች ሌላ ፍልጥ ልትጨምር እጇን ዘርግታለች።

"አቁሚ። እሳቱን አውጪው።"

"ምን አሉኝ?"

"ፍሙን በአካፋ እየዛቅሽ ወደ ደጅ አውጪው። ሁሉንም። አሁን።"

"ጋሼ ተሰማ፣ ወጡ ገና አላሰረም። ለዚህ ሁሉ ሰው ጥሬ ላበላ ነው? እኔ ስሜ ሊጠፋ?"

"ወጡን ውጭ ጉልቻ ላይ ጨርሺው።"

"ይቺን ታንከርዎን ደግሞ ዛሬ እንኳ ይርሷት" አለችና ከረዳቶቿ ጋር ተሳሳቁ። አልፈርድባትም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስለ ታንከሩ ስናገር መስማት ትቶ ነበር። ብዙ ካወራህ፣ እውነቱም እንደ ወሬህ ይቆጠራል።

እጇን ይዤ ወደ ታንከሩ ክፍል ወሰድኳትና ላሜራውን ሳትነካው አጠገቡ አቆምኳት። "ስሚው" አልኳት። ሰማችው። ፊቷ ተለወጠ። "ወይኔ እናቴ" አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያ በኋላ አካፋ የሚይዝ ሰው መፈለግ አላስፈለገኝም። ሴቶቹ ድስቱን ለሁለት ተሸክመው አወጡ፣ እሷ ፍሙን በአመድ እያፈነች ዛቀችው። እኔ እንደሷ ፈጣን ሰው አላየሁም፤ ስለ እሷ የምናገረው ይህን ነው።

እሳት መውጣቱ ግን የገባውን ሙቀት አያስወጣም። ታንከሩን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ፤ የሠራሁት ነገር ሙቀት እንዳይለቅ ነው፣ አይለቅም ደግሞ። ላቡ በጀርባዬ እየወረደ ወደ ድንኳኑ ወጣሁና መተንፈሻውን ቀና ብዬ ፈለግኩት። አገኘሁት። አፉ ውስጥ የድንኳን ካስማ ተቀርቅሮበታል። ካስማው ላይ ገመድ ታስሮ፣ ገመዱ ሸራውን ወጥሮታል።

ድንኳኑን የተከለው የእድሩ ደምሴ ቅርብ ቆሟል። በጆሮው "ያን ካስማ ማን መታው?" አልኩት።

"እኔ ነኝ ጋሼ" አለ፣ የምመርቀው መስሎት። "ቱቦው ሸራው ላይ ሙቅ ውሃ እያንጠባጠበ አስቸገረን። እንግዳ ላይ እንዳይወርድ ብዬ በመዶሻ ቀረቀርኩበት። ለገመዱም ጥሩ መያዣ ሆነ።"

የባሕር ዛፍ እንጨት እንፋሎት ሲጠጣ ያብጣል። ከዚያ በኋላ በመዶሻ ከተመታ ሚስማር ይልቅ ይጠብቃል።

"ልንቀለው?" አለኝ ወዲያው ገመዱን ይዞ።

"እንዳትነካው።" እጁን ያዝኩት። "አሁን ከነቀልከው ያ ሁሉ የታመቀ ውሃ በአንድ ጊዜ ነው የሚፈነዳው፤ እዚህ የተቀመጠውን ሰው ይቀቅለዋል። መጀመሪያ ሰው ይውጣ፣ ታንከሩ ይብረድ። ከዚያ ትነቅለዋለህ።"

ሰውን ማስወጣት። እንዴት? እሳት ተነሣ ብላችሁ ሰማንያ ሰው ውስጥ ብትጮኹ፣ በአንዲት ጠባብ መውጫ ሽማግሌና ሕፃን ይረጋገጣል። ተነሡ ብላቸው ደግሞ፣ ተሰማ ዛሬም ስለ ታንከሩ ሊያስረዳን ነው ብለው ይቀመጣሉ። ከድንኳኑ ጫፍ ቆሜ እጄን እያሻሸሁ ሳስብ ዓይኔ አባ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው ላይ ተናገርኩ።

"አባ፣ ይነሡልኝ።"

"ገና ምግብ ሳይቀርብ?"

"ከሥራችን ያለው ነገር ሊፈነዳ ነው። እኔ ብናገር አይሰሙኝም። እርስዎ ከተነሡ ግን ሁሉም ይነሣል።"

አባ ክረምት ላይ እግራቸውን ወለሌ ላይ አስቀምጠው ስንት ጊዜ አውግተናል። አንድ ጊዜ አዩኝ፤ ሁለተኛ አልጠየቁኝም። መስቀላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ካህን ተነሥቶ የሚቀመጥ ማን አለ? ድንኳኑ በሙሉ እንደ አንድ ሰው ቆመ።

"ልጆቼ" አሉ፣ ድምፃቸው ሳይቸኩል፣ "ለሕፃኗ የምናደርሰውን ጸሎት ከግቢው ውጭ፣ መንገዱ ላይ እናደርሳለን። ቀስ እያላችሁ ተከተሉኝ፤ አሮጊቶቹን አስቀድሙ።"

አንዱ "መንገድ ላይ ጸሎት ከመቼ ወዲህ ነው?" ሲል ሰማሁ። ሌላው "ዝም በል፣ አዲስ ሥርዓት ነው" አለው። ወጡ። በሰላም፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

እኔ ወደ ቤት ሮጥኩ። የወለሉን መስመር ብከፍት የፈላው ውሃ ከነግፊቱ ልጄ እግር ሥር ይወጣል። ታንከሩን የሚያበርደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ የመዳብ ቱቦ። ቀዝቃዛ ውሃ ከሮቶ ገብቶ በውስጡ ካለፈ፣ ሙቀቱን እየዘረፈ ይወጣል። ሮቶው ሙሉ ነው። ግን ያ ቫልቭ ተዘግቷል፣ ያለውም ራሔል መታጠቢያ ቤት ነው። ልክ ከታንከሩ በላይ።

ደረጃው ላይ ዮናስ ወደ ታች ሲመጣ ተገናኘን። "ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ለምን ወጣ?"

"ሚስትህንና ልጅህን አውጣ። ጥያቄ በኋላ።"

ዮናስ ወደ ክፍሉ ዘለለ፤ እኔ ከኋላው። ራሔል አልጋው አጠገብ ቆማለች፣ ሕፃኗን አቅፋ፣ በባዶ እግሯ።

"አባዬ፣ ወለሉ እየነዘረ ነው" አለችኝ። "መተንፈሻው ተዘግቷል አይደል?"

ይህን ስትል አልገረመኝም፤ ለመገረም ጊዜ አልነበረኝም። "ውጪ" አልኳት። "ከዮናስ ጋር ውጪ። ቫልቩን እኔ ከፍቼ እመጣለሁ።"

ሕፃኗን ለዮናስ ሰጠችው። ዮናስ ልጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ "ራሔል ነይ" እያለ ወደ ደጅ ሮጠ። እሷ ግን ወደ ደጅ ሳይሆን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ነው የዞረችው።

"ራሔል፣ ውጪ አልኩሽ።"

"አንተ ጎንበስ ብለህ ሥሩ እስክትገባ ይመሻል" አለችኝ፣ ቀድሞውኑ ተንበርክካ። "ታች ወርደህ መርፌውን እይልኝ።"

በሕይወቴ ሰው አዞኝ አያውቅም። በመኪናዬም፣ በቤቴም። በሩ ላይ ቆምኩ። ልጎትታት እጄን ዘረጋሁ፣ መለስኩት። አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነበር። በጋለ ብረት ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ ከለቀቃችሁ፣ ወይ ቱቦው ይሰነጠቃል፣ ወይ እንፋሎቱ በቧንቧው አፍ ተፈናጥሮ የከፈተውን ሰው ያቃጥላል። መጀመሪያ የሙቅ ውሃ ቧንቧዎቹ ይከፈታሉ፤ ከዚያ ቫልቩ፣ በጣም ቀስ ብሎ። "ራሔል፣ መጀመሪያ—" ብዬ ስጀምር፣ የገንዳውን ቧንቧ ከፈተች። የእጅ መታጠቢያውን ከፈተች። ፎጣ እጇ ላይ ጠመጠመች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከዚያ ነው ቫልቩን የያዘችው። ሩብ ዙር። ቆመች። አዳመጠች።

ቧንቧው አሳለ። ተፋ። ነጭ እንፋሎት ክፍሉን ሞላው፣ ራሔልን ማየት አቃተኝ። "ልጄ" አልኩ። ቧንቧው እንደገና አሳለ፣ ረዥም፤ ከዚያ እየተቆራረጠ የሚመጣ ውሃ ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ሳይቋረጥ የሚወርድ ውሃ።

"ሌላ ሩብ እየጨመርኩ ነው" አለ ድምፅዋ ከእንፋሎቱ ውስጥ። "አባዬ፣ መርፌውን አላየህም እኮ።"

ወረድኩ። ታንከሩ አሁንም ያጉረመርማል። መርፌው እዚያው ነው። ከላይ ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል፤ ልጄ ከራሴ በላይ፣ በእኔና በእሷ መካከል አንድ ወለል፣ ከፊት ለፊቴ የሠራሁት ብረት። ያን ጊዜ ያሰብኩትን እነግራችኋለሁ። ብረቱን ለመንኩት። ብየዳው የእኔ ነው፣ ሳስበይደው ከበያጁ አጠገብ ቆሜ እያንዳንዱን ስፌት መርምሬ አስደግሜአለሁ፣ ሰውየው ሰድቦኛል። "ያዝ" አልኩት፣ ለብረት። "ያዝልኝ።"

ያዘ። መርፌው መጀመሪያ የወረደ መስሎኝ ዓይኔን ጠረግኩ። ከዚያ በእርግጥ ወረደ። ወደ ቀዩ መስመር መጣ፣ መስመሩ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ አለፈው። ጉርምርምታው እየሳሳ ሄደ። ወደ ላይ ጮኼ "ወርዷል" አልኩ። "ሰማሁ" አለች።

ከቀዩ ብዙ ዝቅ እስኪል ድረስ ቆየሁና ወጥቼ ለደምሴ ምልክት ሰጠሁት። ከአጥሩ ውጭ፣ ሦስት ሆነው ገመዱን ሳቡት። ካስማው እንደ ቡሽ ተፈናጥሮ ወጣ፣ ተከትሎት የሚያቃጥል ውሃ ድንኳኑ ላይ ተረጨ፤ ሸራው ረገበ፣ እኔና አባ ተቀምጠንበት የነበረው ወንበር ላይ እንደ ዝናብ ወረደ። ቀዝቅዞ እንኳ ይህን ያህል ነው። ሰዉ ሁሉ ከመንገዱ ላይ ሆኖ አየው። ከዚያ መተንፈሻው ፉፍ አለ።

ደምሴ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ተነሥ" አልኩት። "ሸራህን ጭመቅና ትከለው፤ ሰው አልበላም።" እትዬ ዘነበች ወጡን ጉልቻ ላይ አድርሳው ነበር። ጢስ ጢስ ይል ነበር፤ ግን ሁሉም አሞገሰው፣ እሷም ስሟ አልጠፋም።

ራሔል በመጨረሻ ስትወጣ ፀጉሯ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ የቀኝ እጇ ጀርባ ቀልቷል። ሕፃኗን ከዮናስ ተቀብላ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ያን ማን አስተማረሽ?"

"ምኑን?"

"ቧንቧው መጀመሪያ፣ ቫልቩ ቀስ ብሎ። ሩብ ዙር።"

በመገረም አየችኝ። "አባዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ምሳ ላይ ከዚህ ሌላ ምን ነግረኸኝ ታውቃለህ? የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም። ናዝሬት መንገድ ላይ የረዳትህ ፊት። እንቅልፌ ውስጥ ጭምር ነው የማውቀው።"

"ስልክሽን አልነበር የምታዪው?"

"ጆሮዬ ስልክ አያይም።"

ዮናስ ከጎናችን ቆሞ ሰማ። "ያን ቦይለር ነገ አስነቅለዋለሁ ጋሼ" አለ ተሰብሮ።

"አትነቅለውም" አልኩት። "ቫልቩን ክፍት አድርገህ ተወው እንጂ፣ ቦይለርህ ምን አደረገኝ?" ይህን ስል ራሴን ታዘብኩት። ጠዋት ቢሆን ኖሮ እንዲነቀል ነበር የምፈልገው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ የለወጥኩትን ልንገራችሁ፣ ምናልባት ቤታችሁ ውስጥ የምትመኩበት ነገር ካላችሁ ይጠቅማችኋል። መተንፈሻውን ማንም ካስማ ሊመታበት በማይችልበት ቦታ፣ ወደ ታችኛው ግቢ አዞርኩት። ሁለተኛ መውጫም ጨመርኩ፤ ግፊት ሲበዛ በራሱ የሚከፈት ክዳን። ይህን ከዚያ ቀን በፊት አያስፈልግም እል ነበር፤ ያ አንዱ መውጫ በቂ ነው ብዬ ካልኩ በቂ ነው። አሁን ጎተራ መሥራት የሚፈልግ ሰው ወደ እኔ ሲመጣ፣ ሁለት መውጫ ሳላይ ሥዕሉን አላጸድቅለትም። ብዙዎች መጥተዋል፤ ከሱሉልታ ድረስ።

ይህ ግን የብረቱ ነገር ነው። ትልቁ ለውጥ ሌላ ነው። እኔ ስናገር የሚሰማኝ የለም ብዬ ነበር የማምነው፤ ስለዚህ ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር፣ ደግሜ እናገር ነበር፣ ወራሽ ለመፈለግ በሰው ቤት ልጅ እለምን ነበር። ወራሼ ከፊት ለፊቴ እንጀራ ስትቆርስ ኖራለች። ዝም ያለ ሰው ሁሉ አልሰማም ማለት አይደለም። እናንተም ልጆቻችሁ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ብቻ ያያችሁትን አትመኑ። ተናገሩ፤ ግን አንዳንዴ ደግሞ የሰሙትን መልሰው እንዲነግሯችሁ ጠይቋቸው። እኔ ያን ባለመጠየቄ ያጣሁት ጊዜ ይቆጨኛል፤ ስንት ነገር አብረን ልንሠራ እንችል ነበር።

አሁን ምድር ቤቱን የምታስተዳድረው ራሔል ናት። የወለሉ መስመር መቼ እንደሚከፈት፣ ምድጃው መቼ እንደሚለኮስ የምትወስነው እሷ ነች። ከእኔ የተሻለ ትሠራለች አልልም፤ እኩል ትሠራለች፣ ይህን ያህል ልስጣት። ባለፈው ሰሞን አንድ ያረጀ ቫልቭ ልቀይር ቁልፌን ይዤ ወደ ታች ስወርድ በሩ ላይ አገኘችኝ።

"አሁን አይሆንም አባዬ። ማሚቱ ከላይ ተኝታለች፤ ብረት ስትመታ ትነቃለች። ስትነሣ አብረን እንቀይረዋለን።"

መሣሪያዬን መሬት አስቀመጥኩና ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሕፃኗ እስክትነቃ ጠበቅኩ።